በወንድሜ ስም የተሾመው ሰው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት የባሏን ካኪ ሱሪ ይዛልኝ መጣች። ሰውየው ከስቶ ወገቡ አልይዝ ብሎት ኖሮ ሁለት ጣት ያህል አጥብብልኝ አለችኝ። እኔ የልብስ ስፌት መኪናውን ለልጄ ከለቀቅሁ ቆየሁ፤ ዓይኔ መርፌና ክር አላገናኝ ካለ ወዲህ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ማለት ነው ሥራዬ። ያን ቀን ግን ልጄ ክር ልትገዛ ወልድያ ወርዳ ስለነበር በመነጽርም በግምትም ብዬ ሰፋሁት። ውኃ አርከፍክፌ የከሰል ካውያውን ሳሳርፍበት ያ ሽታ ተነሣ። እርጥብ ካኪ ከጋለ ብረት ሥር የሚሸተውን ልብስ ሰፊ ያልሆነ ሰው አያውቀውም፤ ትንሽ የተቆላ ገብስ፣ ትንሽ ደግሞ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አቧራ ይመስላል። ካውያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሴትየዋ ሱሪው የተቃጠለ መስሏት ደነገጠች። አልተቃጠለም፤ እኔ ነኝ ሄጄ የነበርኩት።

በደርግ ማብቂያ ዘመን ሱቄ እዚሁ ላሊበላ፣ ከቅዳሜ ገበያ ወደ ቤተ ማርያም በሚያወርደው መንገድ ጥግ፣ ወይራው ሥር ነበረች። አሁን ወይራውም የለም፤ በቦታው የስልክ ካርድ የሚሸጥባት የቆርቆሮ ኪዮስክ ቆማለች። በረንዳዬ ሦስት ሰው ታስቀምጣለች፤ አራተኛው የመጣ እንደሆነ ግድግዳውን ተደግፎ ያወራል። ሱሪ ማሳጠር ሰባ አምስት ሳንቲም፣ ሙሉ ካኪ ሱሪ አሰፍቶ መውሰድ ስድስት ብር ነበር፤ በአንድ ብር ስንት እንቁላል ይገኝ እንደነበር ብናገር የዛሬ ልጆች ይስቁብኛልና ልተወው። ፊት ለፊቴ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ አምባሰል ሲከፍት እግሬ ሳላዘው በዜማው ልክ መኪናውን ይመታል፤ የሰርግ ዘፈን ሲሆን ስፌቱ ይጣመምብኛል፣ እጮህበታለሁ፣ ይስቃል። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ታጋዮቹ በዚያ መንገድ ያልፉ ነበር፤ ፀሐይ የበላው ቁምጣ፣ ከጎማ የተሠራ በረባሶ፣ አንገት ላይ የተጠመጠመ ሽርጥ፣ ጎፈሬ ላይ የተሰካ ሚዶ። ቁምጣቸውን እያመጡ ጣፍልን ይሉኝ ነበር። ጨርቁ ከማለቁ የተነሣ መርፌ አይችልም፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ ጨርቁ ላይ አልነበረም። ከሚያልፉት አንዱ ወንድሜ ይሆናል እያልኩ መንገዱን ነበር የማየው።

ወንድሜ ፈንታው በአራት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ከእሱ በፊት የተወለደው ልጅ ጡት ሳይጥል ስለሞተ እናቴ በዚያኛው ፈንታ የተሰጠኝ ነው ብላ ነው ፈንታው ያለችው። ጓደኛው ምስጋናው የገነተ ማርያም ልጅ ነው። ለትምህርት ላሊበላ መጥቶ ከቤታችን ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ነበር፤ የሚበላውም የሚያጠናውም ግን እኛው ቤት ነው። ሁለቱ አንድ አረንጓዴ ሹራብ ነበራቸው፣ በፈረቃ የሚለብሱት። ተራው የማን እንደሆነ ሲጨቃጨቁ እናቴ ሁለቱንም ከቤት ታስወጣቸው ነበር። ደርግ ጎረምሳውን ከገበያ እያፈሰ ወደ ግንባር በሚወስድበት ዘመን፣ ሁለቱም አንድ ቅዳሜ ገበያ እንደወጡ በብልባላ በኩል አድርገው በረሃ ገቡ። ሹራቡን ለእኔ ትተውልኝ ነው የሄዱት። በረሃ የገባ ሰው ቤተሰቡ እንዳይጠየቅበት የቤቱን ስም ጥሎ ሌላ ስም ያወጣል። ሌላው ሰው የጀግና ስም ሲመርጥ እነዚህ ሁለት ቀልደኞች ስም ተለዋወጡ። ወንድሜ ምስጋናው ሆነ፤ ምስጋናው ደግሞ ከነአባት ስሙ ፈንታው ደርበው ተብሎ ተመዘገበ። እኛ ይህን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አንባቢ እንዳይደናገር ብዬ ከአሁኑ ነገርኩ እንጂ።

ከሄዱ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ከቆላ የመጣ አንድ የጨው ነጋዴ ምስጋናው ሞቷል የሚል ወሬ በጆሮ ይዞ መጣ። የምስጋናው እናት ባሏ የሞተባት፣ ሌላ ልጅም የሌላት ሴት ነበረች። ለታጋይ በአደባባይ ማልቀስ ያስጠይቅ ስለነበር በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። የልጇን የክርስትና ስም ለካህናቱ ሰጥታ ፍትሐት አስደረገች፣ በአርባው ተዝካር አወጣች፣ ከዚያም ቆብ ደፍታ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ተባለችና ነአኩቶ ለአብ ገዳም ገባች። በተዝካሩ ዕለት እናቴ ጠላ ስታዞር ዋለች። ቤት እንደገባን ጓዳ ሆና አምላኬ የእኔን አተረፍክልኝ ስትል ሰማኋት። ወዲያው በራሷ ደንግጣ አማተበች።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። ሬዲዮኔ ቡናማ የቆዳ ልብስ ያላት፣ ባትሪ ድንጋዮቿ ሲደክሙ ፀሐይ ላይ አስጥቼ የማነቃቸው ነበረች። ዜና አንባቢው ስለ ሠራዊቱ ስብሰባ ብዙ ካወራ በኋላ፣ የስንቅና ትጥቅ ኃላፊው ማብራሪያ ሰጡ ብሎ "ፈንታው ደርበው" አለ። መኪናዬን አቆምኩ። እናቴ ሰፌዷን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ሰውየው እንደገና ጠራው፤ ፈንታው ደርበው። እልልታዋ ካሴት ቤቱን አዘጋው። በማግስቱ በግ ታረደ፣ ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ እናቴም የባለሥልጣን እናት ተባለች። ደብዳቤ አለመጻፉን የሚያነሣ ሰው ሲኖር የመንግሥት ሥራ በዝቶበት ነው ትል ነበር። እኔም ኮራሁ፤ አልዋሽም። በዕድሜዬ ደንበኛ ሳይከራከር የከፈለኝ በዚያ ሦስት ወር ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት የገና ዋዜማ፣ ከተማው በነጭ ለባሽ ምእመናን ተጨናንቆ ሳለ፣ አቧራ የለበሰች ፒክአፕ ወይራው ሥር ቆመች። የወረደው ሰው አዲስ ካኪ ለብሷል፤ ያየሁት መጀመሪያ ትከሻውን ነው፣ በጣም ሰፍቶበት ነበር። ከዚያ ቀና ብዬ ፊቱን አየሁ። ተዝካሩን የበላሁለት ምስጋናው ነበር። ወንበሬን ይዤ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። እሱ ግን አቅፎ ሳመኝና በመጀመሪያ የጠየቀኝ እናቱ በሕይወት መኖሯን ነው። አለች፣ መንኩሳለች አልኩት። ፈንታውስ፣ አብራችሁ አልመጣችሁም ወይ አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ።

"አዱኛ፣ የሞተው ፈንታው ነው። በእኔ ስም ነው የሞተው" አለኝ።

ቆሞ ነገረኝ። ጥይት አልነበረም፤ ቆላ ላይ ወባ ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ግራር ሥር ሞተ። ምስጋናው ብቻውን ቆፍሮ ቀበረው። የሚያውቃትን ጸሎት ሊያደርስለት ሲል ለካ የጓደኛውን የክርስትና ስም ጠይቆት አያውቅም። የሚለው ቢያጣ በበረሃ ስሙ ምስጋናው ብሎ፣ በራሱ ስም ቀበረው። ይህን እየነገረኝ እናቴ የመኪና ድምፅ ሰምታ ከቤት ስትወጣ አየኋት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ምስጋናውን አልፋ፣ የመኪናዋን የወዲያኛውን በር ታይ ነበር። በሩ አልተከፈተም።

ጉልበቷ ሥር ወድቆ ነገራት። እናቴ ታለቅሳለች ብዬ ልይዛት ተጠጋሁ፤ አላለቀሰችም። በሬዲዮ የሚጠሩት አንተን ነው ወይ ስትል ጠየቀችው። እኔን ነው አላት። ስሙን ለመመለስ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ እንዳስገባ፣ በጥቂት ሳምንት ምስጋናው ተብሎ እንደሚጠራ፣ የሙት ስም ይዞ መኖር እንደከበደው ነገራት።

"አትመልሰው" አለችው። "ያዘው። እየጠሩት ልስማው። የደከመህ ዕለት አምጣልኝ፣ ያን ጊዜ አለቅስለታለሁ።"

በማግስቱ ነአኩቶ ለአብ ሲወርድ አብሬው ነበርኩ። እማሆይ ልጃቸውን ባዩ ጊዜ የሆነውን አልጽፈውም፤ እሱ የእኔ አይደለም። ስለ ስሙ ሲነገራቸው ግን የመለሱትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "ልጁን እኔ አግኝቻለሁ። ስሙን እሷ ትያዘው" አሉ። ምስጋናውም ማመልከቻውን መልሶ ወሰደ።

እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነው። በሕይወት ላለው ሰው ፍትሐት ተደርጎለት ተዝካሩ ተበልቷል፤ የሞተው ወንድሜ ግን ምንም የለውም። ያለ ጸሎት፣ ያለ ዕጣን፣ ግራር ሥር ተኝቷል፣ ስሙ ደግሞ አዲስ አበባ ማዕረግ ይጨምራል። የክርስትና ስሙን ለካህን መስጠት የእናት ነውና ከእሷ አፍ አልፌ መሄድ አልቻልኩም። የነፍስ አባቷ መምሬ ፀሐይ በየጾሙ መከሯት። በሬዲዮ ለሚጠራ ሰው ተዝካር አይወጣለትም ብላ መለሰችላቸው። አንድ ጊዜ ተቆጣሁና ወንድሜ ምን አድርጎሽ ነው አልኳት። ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ፤ ምሳዬን እየላከች ነበር ያኮረፈችኝ።

ዓመቱ እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ። ምስጋናው ሻለቃ ሆነ፣ ኮሎኔል ሆነ። ሥራው ሁልጊዜ ስንቅና ልብስ ነበር፤ ሠራዊቱ የሚለብሰው፣ የሚጫማው፣ የሚበላው በእሱ በኩል ያልፋል። ከተማችን ከእሱ ብዙ ጠብቃ ነበር። ለልጄ ሥራ፣ ለወንድሜ ዝውውር እያሉ የማመልከቻ ወረቀት ኪሱ ውስጥ የሚከቱለት ሞልተዋል፤ አንዱንም ከኪሱ ሳያወጣው ይመለሳል ይባል ነበር። ለእኔም ቢሆን፣ የስንት ሺህ ሰው ካኪ በእጁ እያለፈ አንድ ክንድ ጨርቅ አምጥቶልኝ አያውቅም። ይልቅ በረንዳዬ ላይ ይቀመጥና የሰፋሁትን ሱሪ ገልብጦ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ይፈትሻል። እዚህ ጋ ክሩ ላልቷል ይለኛል። እዚያ ስንት መኮንን ታዛለህ፣ እዚህ ግን ዝም በል እለዋለሁ። ካህናቱም አይለቁትም። አንድ የታወቁ ቀልደኛ መሪጌታ ነበሩ፣ ባዩት ቁጥር የእርስዎን ተዝካር በልተናል፣ ጠላው ግን ቀጭን ነበር ይሉታል። ጠላ ጠማቂዋ እናቴ ነበረችና እሷም ትሰማለች፣ ትስቃለችም።

ገና በመጣ ቁጥር ይመጣል። እማሆይን ያያል፣ ከዚያ ከእናቴ ጋር ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ስም ግን አትጠራውም። ፈንታው ብላ አትጠራውም፣ ምስጋናው ብላም አትጠራውም። በሩን ሲያንኳኳ ማነው ትላለች፤ እኔ ነኝ ይላል፤ እኔ ባዩ ማን እንደሆነ አትጠይቅም፣ ትከፍትለታለች። አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። በአገራችን ልጅ በአባቱ ስም ነውና የሚጠራው፣ ልጆቹ እገሊት ፈንታው፣ እገሊት ፈንታው ተባሉ። ሚስት እንኳን ሳያገባ የሞተ ወንድሜ ሁለት ልጆች በስሙ ተጠሩለት። እናቴ ፎቶአቸውን መስተዋቱ ላይ ሰክታ ለመጣ እንግዳ ታሳይ ነበር፤ ማን እንደሆኑ ግን አትናገርም። አሁን ሳስበው እኔም በዚያ ፎቶ ፊት እየቆምኩ የወንድሜን አፍንጫ የፈለግሁባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሰው በምን ይጽናና መሰላችሁ።

ከዚያ በሰሜን በኩል ጦርነት ተነሣ። በአውራ ጎዳናው ሠራዊት የጫነ መኪና ሲያልፍ ይውላል ይባል ነበር። በእኛ ተራራ ላይ የሚሰማው ሬዲዮ ብቻ ነው። ያን ዓመት ምስጋናው ለገና ሳይመጣ ቀረ። ስሙም ከሬዲዮ ጠፋ። እናቴ ሬዲዮኑን ከሱቄ ወስዳ ራስጌዋ አደረገችው፣ በየዜናው ሰዓት ትከፍተዋለች፣ ሌላ የሆነ እንደሆነ ባትሪው እንዳያልቅ ትዘጋዋለች። ካሴት ቤቱ ሳይቀር በዜና ሰዓት ድምፅ ይቀንስላት ነበር። ለማን ነው የምትፈሪው ብዬ ልጠይቃት እፈልጋለሁ፤ ለቆመው ነው ለተቀበረው? አልጠየቅኋትም፤ ለሁለቱም እንደሆነ ከፊቷ ይታያል። በሁለተኛው ዓመት ሬዲዮው ብርጋዴር ጄኔራል ፈንታው ደርበው ሲል ሰማን። በሚቀጥለው ገና ሲመጣ ከስቶ፣ ፀጉሩ ገብስማ ሆኖ፣ ግራ እግሩን ጎተት እያደረገ ነበር። እናቴ እግሩን እንዲዘረጋ አድርጋ ለብ ባለ ውኃ አጠበችለት።

እማሆይም አንድ በጋ አረፉ። ምስጋናው ቀበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ላሊበላ የሚመጣው ለእናቴ ብቻ ሆነ። ከተማው ተለወጠ። ሆቴል በሆቴል ላይ ተሠራ፣ ካሴት ቤቱ ተዘግቶ ለቱሪስት መስቀል የሚሸጥበት ሆነ፣ ስድስት ብር የነበረው ሱሪ ስፌት መቶ ገባ፣ ሰዉም ተዘጋጅቶ የመጣ ልብስ መግዛት ለመደ። የእናቴ ዓይን እየደከመ ሄደ። ጆሮዋ ግን ነቅቶ ቀረ።

አንድ ጠዋት በጡረታ የተሰናበቱ ከፍተኛ መኮንኖች ዝርዝር በሬዲዮ ተነበበ። የፈንታው ደርበው ስም ሲጠራ ሰማች። ያን ቀን ቁርስ አልበላችም። ከአራት ቀን በኋላ በአውሮፕላን መጣ፤ እጅጌው የረዘመበት ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል። እናቴ እንደ ልማዷ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ነበረች። ድንጋዩ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። እጇን ሰድዳ ትከሻውን ዳበሰችው፤ ማዕረጉ ከሚቀመጥበት ላይ ጣቶቿን አቆየች። ምንም አልነበረም።

"እማማ፣ ደከመኝ" አላት።

እጇን ከትከሻው አነሣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ መምሬ ፀሐይን ጥራልኝ አለችኝ። መምሬም በሽምግልናቸው እየተደገፉ መጡ። መስቀል ተሳለመችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ልጄ ገብረ መስቀል ነው። ገብረ መስቀል በሉልኝ" አለች። ምስጋናውን አየሁት። ገብረ መስቀል፣ ገብረ መስቀል እያለ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ግራሩ ሥር ያጣውን ቃል አሁን ነበር ያገኘው። እናቴ ነጠላዋን አገለደመችና ጮኸች። ጎረቤቱ ሮጦ መጣ። የሃያ ምናምን ዓመት ልቅሶ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እኔም አለቀስኩ፤ በልቤ ቂም የያዝኩባቸውን ዓመታት ሁሉ ይቅር በይኝ እያልኩ እጇን ሳምኩ።

ምስጋናው አልሄደም፤ አርባውን ቀን እኔ ቤት ተቀመጠ። በአርባው ተዝካር ወጣ። የፈንታው ደርበው ተዝካር ነው የሚለው ወሬ በገጠሩ ሲዳረስ ከብልባላ ድረስ ያሉ ሰዎች ጄኔራሉ ሞቱ ብለው ጥቁር ለብሰው መጡ። ደጅ ሲደርሱ ጄኔራሉ እጅጌውን ሰብስቦ ጠላ ይቀዳል። አንድ ሽማግሌ ዋንጫውን ተቀብለው ፊቱን እያዩ ማማተብ ጀመሩ። እኚያ ቀልደኛ መሪጌታ በጣም አርጅተው ነበር፤ ሁለት ተዝካር በልተን ይህን ሰውዬ መቅበር አቃተን ብለው የኀዘኑን ቤት አሳቁት። እሱ ሳቀ፣ ቀዳ፣ እንግዳ ሸኘ፣ ሳህን ለቀመ። አመሻሹ ላይ ሰዉ ተበትኖ እናቴ ብቻዋን ጓዳው አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ውጭ የነበረውን የመጨረሻውን አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ በሩን በእግሩ ገፋ።

"ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ምስጋናው ነህ?"

አግዳሚው ከእጁ ወደ መሬት ሲወርድ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ።

"አዎ፣ እማማ። ምስጋናው ነኝ።"

"እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ። ግባ" አለችው። እሱ ግን አልገባም፤ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።